ኒው ቬጋስ ለሚዘጋባችሁ ሁሉ፦ የቅዳሜ ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። በግል የምትጠይቁኝ ስለበዛ ዛሬ ሁሉንም እዚሁ አንድ ላይ እመልሳለሁ። የምናወራው ስለ ፎልአውት ኒው ቬጋስ ብቻ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ስለወጣው የኮምፒዩተር ጌም። ስካይሪም የሚባለው ጌም ሌላ ቀን።

ስትጠይቁ ሦስት ነገር ንገሩኝ። ጌሙን ከየት አገኛችሁት? ስቲም ነው፣ ጂኦጂ ነው (ሁለቱ ኢንተርኔት ላይ ያሉ የጌም መሸጫዎች) ወይስ ከሱቅ የተገለበጠ? የሚዘጋው የት ላይ ነው? መጨረሻ የጫናችሁት ሞድ (ተጫዋቾች ሠርተው ጌሙ ላይ የሚጨምሩት ነገር) ምንድን ነው? ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ዶክመንትስ ውስጥ፣ ማይ ጌምስ ስር ያለውን የሴቭ ፎልደር ፍላሽ ላይ ገልብጡ። መጀመሪያ ይሄ።

ከካዛንቺስ፦ ሰላም ወንድም። ጌሙ እየተዘጋ አስቸገረኝ። መፍትሔ ካለህ?

መልስ፦ የት ላይ? መቼ? ከየትኛው ሞድ በኋላ? ከላይ የጻፍኩትን አንብበህ ተመለስ።

ከአራት ኪሎ፦ የስቲም ነው። ሞድ ትንሽ ነው ያለኝ፣ በብዛት ቴክስቸር (ዕቃዎች ላይ የሚለጠፍ ምስል)። ግማሽ ሰዓት፣ አርባ ደቂቃ ምንም አይልም። ከዚያ ያለ ማስጠንቀቂያ ዴስክቶፕ ላይ ይጥለኛል። ራሙን ከ8 ወደ 16 ጊጋ አሳድጌ ነበር፣ ምንም ለውጥ የለም።

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ራም መግዛትህ ለሌላ ሥራ ይጠቅምሃል፤ ለዚህ ጌም ግን አይረዳውም። ምክንያቱን ላስረዳህ፣ ሌሎቻችሁም አንብቡት፤ ግማሹ ጥያቄ እዚህ ያልቃል።

ኒው ቬጋስ ባለ 32 ቢት ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ዊንዶውስ ላይ በራሱ መጠቀም የሚችለው 2 ጊጋ ሜሞሪ ብቻ ነው። ኮምፒዩተሩ 16 ይኑረው፣ 64 ይኑረው ግድ የለውም። ሚኒባስ ታክሲ ወንበሩ የተቆጠረ ነው፤ መንገዱን ስላሰፋህለት ወንበር አይጨምርም። ስትጫወት፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ስትሄድ፣ ሜሞሪው እየሞላ ይመጣል። ትልልቅ ቴክስቸር የጫነ ሰው ደግሞ ቶሎ ይሞላበታል። አርባ ደቂቃ ሄዶ የሚዘጋው ለዚህ ነው። ማረጋገጥ ከፈለግህ ታስክ ማናጀርን ከፍተህ ከጌሙ ጎን ያለውን የሜሞሪ ቁጥር ተከታተል። ወደ 2 ጊጋ ሲጠጋ፣ አንዳንዴም ሳይደርስ፣ ይሞታል።

መፍትሔው የ4 ጊጋ ፓቸር የሚባለው ፕሮግራም ነው። ኔክሰስ ከሚባለው የሞድ ድረ ገጽ ታወርደዋለህ፣ የጌሙ ዋና ኤግዚ (ጌሙን የሚያስነሳው ፋይል) ያለበት ፎልደር ውስጥ ታስቀምጠዋለህ፣ አንድ ጊዜ ታስኬደዋለህ። አለቀ። የድሮውን ኤግዚ ባክአፕ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። በ64 ቢት ዊንዶውስ ላይ ጌሙ እስከ 4 ጊጋ መጠቀም ይችላል።

ፓቸሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ኤክስ-ኤንቪኤስኢ የሚባለውን፣ ብዙ ሞዶች ያለ እሱ የማይሠሩበትን ስክሪፕት ኤክስቴንደር እዚያው ኤግዚው አጠገብ ኤክስትራክት አድርግ። ፓቸሩ ራሱ ነው የሚያስነሳልህ፣ ሌላ አይኮን መጫን አያስፈልግህም። ጌሙ ውስጥ ገብተህ ኮንሶሉን (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ክፈትና "ጌት ኤንቪኤስኢ ቨርዥን" የሚለውን ትዕዛዝ በእንግሊዝኛ ሳትለያይ ጻፍ። ቁጥር ከመለሰልህ ሠርቷል። ከዚያ ጂአይፒ ኤልኤን የሚባለውን ፕለጊንና የቲክ ፊክስን ጨምር። ቲክ ፊክስ ጌሙ እየቆረጠ የሚሄድበትን ነገር ያስተካክላል። ዩፕ የሚባለው ፓች ደግሞ ገንቢዎቹ ትተውት የሄዱትን ብዙ ስህተት ይጠግናል።

ጌሙ ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከሆነ መጀመሪያ አውጣው። ሲ ድራይቭ ላይ "ጌምስ" የሚል ፎልደር ፍጠርና እዚያ አድርገው። ዊንዶውስ ፕሮግራም ፋይልስን ስለሚጠብቅ ሞድ ስትጭን ይከለክልሃል።

ከመርካቶ፦ ራሙን ስንት ገዛኸው?

ከአራት ኪሎ፦ እዛው እናንተ ጋ ነው የገዛሁት፣ ባትጠይቀኝ ይሻላል።

መልስ፦ የራም ዋጋ በግል ተነጋገሩ።

ከፒያሳ፦ እኔ ጌሙን ያስገለበጥኩት ከሱቅ ነው። ሞዱ አብሮ ተጭኖ ነው የመጣው። ልጁ "ሁሉም አለው" ብሎኝ ነበር። ሲነሳ ይነሳል፣ ሳይነሳም ይቀራል።

መልስ፦ አጥፋው። ይሄን ለማለት አላመነታም። ማን እንደጫነው፣ በምን ቅደም ተከተል እንደጫነው፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደተጻፈ አይታወቅም። ክራክ የተደረገ ኤግዚ ላይ ኤክስ-ኤንቪኤስኢም አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። እሱ ካልሠራ ዛሬ ያሉት ጥሩ ጥሩ ሞዶች ሁሉ አይሠሩም። ጊዜህን ነው የሚበላው።

ከፒያሳ፦ እና በምን ልክፈል? ካርድ የለኝም።

መልስ፦ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ጓደኛ ካለ እሱ ይግዛልህ። በቅናሽ ወቅት አልቲሜት ኤዲሽኑ በጣም ይረክሳል፤ ተጨማሪ ታሪኮቹን ሁሉ ይዞ ነው የሚመጣው። እኔ ጂኦጂ ላይ ያለውን እመርጣለሁ። የ4 ጊጋው ፓች አስቀድሞ ተሠርቶለታል። ሲጫወቱም ሆነ ሲጭኑ ኢንተርኔት አይጠይቅም። የመጫኛውን ፋይል አንዴ አውርደህ ሃርድ ዲስክ ላይ ካስቀመጥክ ኢንተርኔት ኖረ አልኖረ የራስህ ነው። ለእኛ አገር ኔትወርክ ከዚህ የተሻለ የለም።

ከመርካቶ፦ ሉት የሚባለውን አስኬድኩ፣ የሞዶቹን ቅደም ተከተል ራሱ አስተካከለልኝ። ከዚያ ወዲህ ብሶበታል።

ከስድስት ኪሎ፦ ሉት ምን አደረገ? እኔ ሁሌ እጠቀምበታለሁ፣ ምንም ሆኖ አያውቅም።

ከመርካቶ፦ ከአንተ ሰምቼ እኮ ነው የጫንኩት!

ከስድስት ኪሎ፦ እኔ ለስካይሪም ነው ያልኩህ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። ስካይሪም ላይ ሉት ብዙ ሰው ይጠቀምበታል፣ ችግር የለውም። ለኒው ቬጋስ ግን አትጠቀሙበት። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከልቤ የምወደው ርዕስ ነው።

ሁለት ሞድ አለህ እንበል። አንዱ የ9 ሚሊሜትር ሽጉጡን ጉዳት ይጨምራል። ሌላው የዚያኑ ሽጉጥ ክብደት ይቀንሳል። አንዱ ጉዳቱን፣ ሌላው ክብደቱን የሚሰጥህ ይመስልሃል። አይሰጥህም። ጌሙ የሽጉጡን መረጃ የሚወስደው እንዳለ ሙሉውን ነው፤ የሚወስደውም በሞዶቹ ዝርዝር መጨረሻ ላይ ካለው ሞድ። ክብደት ቀናሹ ከታች ከሆነ ጉዳት ጨማሪው እንዳልነበረ ይሆናል። ማንም አይነግርህም፣ ጌሙም አይዘጋም። አንተ ግን "ሞዱ አይሠራም" ትላለህ። ሽጉጥ ሲሆን ጉዳቱ ቀላል ነው። የሚጋጩት ስክሪፕት ወይም የአንድ ሰፈር ካርታ ሲሆኑ ግን ነገሩ ይከብዳል።

ስለዚህ ኤፍኤንቪ ኤዲት የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። ሞዶቹን ጎን ለጎን ያሳያችኋል፣ የተጋጨው ቦታ ቀይ ሆኖ ይታያል። የትኛው ይብለጥ የሚለውን የምትወስኑት እናንተ ናችሁ፣ ሉት አይደለም። በሞዱ ገጽ ላይ ጸሐፊው "ከዚህ በታች አድርጉት" ካለ የእሱን ስሙ። አንብቡ! የሞዱን ገጽ ሳያነብ ጭኖ የሚጠይቀኝን ሰው ምን ልበለው?

ከካዛንቺስ፦ ወንድም አሁንም ይዘጋል። ሞዶቹ ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም መጻፍ ያስቸግራል።

መልስ፦ ሳላይ ምን ልበልህ? ሞድ ኦርጋናይዘር (የሞድ መጫኛ ፕሮግራሙ) ላይ ያለውን ዝርዝር ፎቶ አንሳው፣ ወይም መጨረሻ የጫንከውን ብቻ ንገረኝ። ሞድ የሚጫነው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱን ጭኖ፣ ገብቶ ተጫውቶ አይቶ፣ ከዚያ ሌላውን።

ከለገሃር፦ ኦንላይን ከጓደኛ ጋር መጫወት ይቻላል?

መልስ፦ ጌሙ የተሠራው ለአንድ ሰው ነው። ዛሬ አልገባበትም።

ከሜክሲኮ፦ ግድግዳና ወንበር መሆን ያለበት ቦታ ላይ ትልቅ ቀይ የቃለ አጋኖ ምልክት አያለሁ።

መልስ፦ የዕቃው ቅርጽ ፋይል ጠፍቷል ማለት ነው። ሞዱ ሙሉ አልተጫነም፣ ወይም ሌላ ዋና ፋይል ቀድሞ ይፈልግ ነበር። እንደገና ጫነው። በእጅህ ዳታ ፎልደር ውስጥ እየጣልክ ከሆነ ደግሞ አቁም። ሞድ ኦርጋናይዘር 2 ተጠቀም። የጌሙን ፎልደር አይነካውም፤ ሞዱን ስታጠፋው ይጠፋል፣ ዋናው ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ግን ጌሙን የምታስነሳው ከሞድ ኦርጋናይዘሩ ውስጥ ነው። ከዴስክቶፕ ካስነሳኸው ሞዶቹን አያያቸውም።

ከስድስት ኪሎ፦ እኔ ግን አንድ ነገር ልበል። ፎልአውት 3 ከዚህ ይሻላል።

ከአራት ኪሎ፦ በምን? ኒው ቬጋስ ላይ ምርጫህ ለውጥ ያመጣል፣ ከማን ጋር እንደምትቆም ራስህ ትወስናለህ።

ከስድስት ኪሎ፦ ፎልአውት 3 ዓለሙ ይሻላል፣ ዝም ብለህ ስትዞር ራሱ ደስ ይላል።

ከፒያሳ፦ ሁለቱን ባንድ የሚያጫውት ሞድ አለ አሉ።

መልስ፦ አለ፣ ቴል ኦፍ ቱ ዌስትላንድስ ይባላል። ሁለቱም ጌም ከነተጨማሪ ታሪኮቻቸው ያስፈልጉሃል። የተገለበጠ ይዘህ አትሞክረው። ክርክሩን እዚህ አቁሙልኝ።

ከፒያሳ፦ መብራት ሲጠፋ ኩዊክ ሴቭ እያደረግኩ ነበር። አሁን ሴቩ አይከፈትም። ስንት ሰዓት የተጫወትኩት ነው።

መልስ፦ አይዞህ፣ ተስፋ አትቁረጥ። ሴቭ ፎልደር ውስጥ ግባ። ከኩዊክ ሴቩ ጎን ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ መጨረሻው "ባክ" የሚል ፋይል ፈልግ። ከዚያ በፊት የነበረው ሴቭ ነው። መጀመሪያ ወደ ሌላ ቦታ ገልብጠው። ከዚያ "ባክ" የሚለውን ከስሙ ላይ አጥፋና ሞክር።

ለወደፊቱ በኤፍ5 (በኩዊክ ሴቭ ቁልፉ) አትመኑ፤ እያንዳንዱ ኩዊክ ሴቭ በፊተኛው ላይ ነው የሚጻፈው። ሜኑ ከፍታችሁ ሁሌ አዲስ ሴቭ አድርጉ። አውቶ ሴቩንም ከሴቲንግ አጥፉት። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ፣ ከአዲስ ግራፊክስ ካርድ በፊት ዩፒኤስ ግዙ። ጌሙን በሥርዓት እስክትዘጉ ይበቃችኋል። የሴቭ ፎልደሩንም ፍላሽ ላይ ገልብጡ፣ አሁንም እላለሁ።

ከቦሌ፦ አንድ ቪዲዮ ላይ "ኤንቫክ እና ስታተር ሪሙቨር ጫኑ" ይላል።

መልስ፦ ሁለቱም ጌሙ እንዳይዘጋና እንዳይቆራረጥ ተብለው ይጫኑ የነበሩ የድሮ ሞዶች ናቸው፤ ቪዲዮው የቆየ ነው። ስታተር ሪሙቨር አዲስ ዊንዶውስ ላይ ራሱ ጌሙን ያዘጋዋል። ኤንቫክ ደግሞ ስህተቱን ይደብቀዋል እንጂ አያስተካክለውም። ሁለቱንም አውጡ። በዙሪያችሁ ምን ያህል ቦታ እንደሚጫን የሚወስነውን ዩ-ግሪድስ የሚለውን ቁጥር ከ5 በላይ አድርጉ የሚል ካያችሁም አትንኩት፤ ጌሙን ያናጋል፣ ሴቩንም ያበላሻል። ቪቫ ኒው ቬጋስ የሚባለውን የሞድ አጫጫን መመሪያ ከላይ እስከ ታች ተከተሉ፣ ከዚያ በራሳችሁ ጨምሩ።

ከሜክሲኮ፦ ስትሪፑን (ጌሙ ውስጥ ያለውን የካዚኖ ሰፈር) ወደ አንድ የሚያገናኝ ሞድ ጫንኩ። በሩን ሳልፍ ይዘጋል።

መልስ፦ ገንቢዎቹ ስትሪፑንና አጎራባቹን ፍሪሳይድን በበር የከፋፈሉት የዚያን ጊዜ የጌም ማጫወቻ ማሽኖች ሜሞሪ ስላልቻለው ነው። ያንን ስትከፍት ሕዝቡ፣ መብራቱ፣ ሕንጻው ሁሉ አንዴ ይጫናል። የ4 ጊጋ ፓቹን ሠርተሃል? ካልሠራህ ለአራት ኪሎው የመለስኩትን አንብብ።

ከለገሃር፦ 4 ጊጋ ፓቹ የት ነው የሚገባው?

መልስ፦ ከላይ አለ። አንብብ ወንድሜ።

ከካዛንቺስ፦ እሺ ይኸው። ስቲም። ዋናው ሜኑ ከመምጣቱ በፊት ይዘጋል። ትናንት ዴድ መኒ ለሚባለው ተጨማሪ ታሪክ የሚሆን የመሣሪያ ሞድ ጫንኩ። ሞድ ኦርጋናይዘር ላይ ከሞዱ ስም ጎን የማስጠንቀቂያ ምልክት አለ።

መልስ፦ በቃ፣ ተገኘ። ዴድ መኒ ራሱ አለህ?

ከካዛንቺስ፦ የለኝም። ሞዱ አብሮ የሚያመጣው መስሎኝ።

መልስ፦ አያመጣም። ያ ሞድ የተሠራው በዴድ መኒ ፋይል ላይ ነው። ጌሙ ሲነሳ ያንን ፋይል ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ሜኑ ሳይደርስ ይዘጋል። የማስጠንቀቂያ ምልክቱ ላይ ማውሱን አሳርፍ፣ የጎደለውን ፋይል ስም ይነግርሃል። ከዚያ ሞዱ ፊት ያለውን የራይት ምልክት አንሳና ጌሙን አስነሳ።

ከካዛንቺስ፦ ተነሳ! በጣም አመሰግናለሁ።

መልስ፦ ዴድ መኒን እስክትገዛ ያ ሞድ ጠፍቶ ይቆይ። የቀሩትንም አንድ በአንድ እያቸው፤ የማስጠንቀቂያ ምልክት ያለበት ሌላ ካለ አጥፋና ስሙን ላክልኝ።