«በዓለም ላይ ሦስት ብቻ» የተባለው የ1967 ሙስታንግ

ወንድሜ፣ ሻጩ የ1967ቱን (እ.ኤ.አ.) የፎርድ ሙስታንግ ኩፔ (ጣራው የማይከፈት፣ ባለ ሁለት በር) «በዚህ ቀለምና በዚህ የወንበር ልብስ የተሠሩት ሦስት ብቻ ናቸው» ብሎ ዋጋ ሰቅሎብህ፣ እውነት ነው ወይ ብለህ ጠይቀሃል። እውነት ሊሆን ይችላል። ዋጋ ለመጨመር ግን አይበቃም።

ፎርድ በዚያ የሞዴል ዓመት 472,121 ሙስታንግ ሠርቷል። 356,271ዱ አንተ እንዳየኸው ዓይነት ኩፔ ነው፤ ጣራው እስከ ኋላው ድረስ ተዳፍቶ የሚወርደው ፋስትባክ 71,042፣ ጣራው የሚከፈተው 44,808 ነበር። ያኔ ገዢው ቀለሙን፣ ሞተሩን፣ ማርሹን፣ ሬዲዮኑን ሳይቀር መርጦ ነበር የሚያዘው። ምርጫዎቹን አንድ በአንድ እየደራረብክ ከቆጠርክ ከሞላ ጎደል የትኛውም መኪና መጨረሻ ላይ «ብቸኛ» ይሆናል! ስለዚህ ቁጥር ሲነግሩህ መጀመሪያ የምን ቁጥር እንደሆነ ጠይቅ። እኔ ክብደት የምሰጠው ለሞተርና ለቦዲ ዓይነት ነው።

የ1969ኙን የሼቭሮሌ ካማሮ ዜድ ኤል 1 ተመልከት። የተሠራው 69 ብቻ ነው። ሙሉ አልሙኒየም የሆነው ባለ 427 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ለብቻው ከ4,000 ዶላር በላይ ስለሚያስከፍል የመኪናውን ዋጋ ከእጥፍ በላይ አደረሰው። ኢሊኖይ ውስጥ አንድ የሼቭሮሌ ነጋዴ 50 አዝዞ አብዛኛውን መሸጥ አቅቶት ለኩባንያው መልሷል። ዛሬ ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ለዚያ ሞተር ብለው ነው። ሞተሩ ተራ ቢሆን ኖሮ 69 የሚለው ቁጥር ማንንም ከቤቱ አያስወጣም ነበር።

ደግሞ የተሠራውና የተረፈው አንድ አይደለም። ተከር ከተባለው የ1948 አሜሪካዊ መኪና 51 ተሠርቶ 47ቱ እስከ ዛሬ አሉ፤ ሰው ገና ከጅምሩ ሰብስቦ ስለያዛቸው ነው። በ1957 ግን ሼቭሮሌ ባለ አራት በር ሴዳን በመቶ ሺዎች ሠርቶ፣ አብዛኛው እንደ ማንኛውም የቤት መኪና ተነድቶ፣ ዝጎ፣ ለመለዋወጫ ተበልቷል። የዚያው ዓመት ጣራው የሚከፈተው የሼቭሮሌ ቤል ኤር 47,562 ብቻ ሆኖ ሳለ በየትርዒቱ የምታየው እሱን ነው።

አንተ ግን አንድ ዕድል አለህ። ፎርድ ከ1967 ጀምሮ ያለውን የምርት መዝገብ ማርቲ ለተባለ የግል ኩባንያ ሰጥቷል፤ በሻንሲ ቁጥሩ ብቻ መኪናው ሲወጣ ምን ሞተር፣ ምን ቀለም፣ ምን ማርሽ እንደነበረው ተጽፎ ይመጣልሃል። ለፖንቲያክ መኪኖችም ተመሳሳይ አገልግሎት አለ። የዚያ ዘመን ሼቭሮሌ የሚገዛ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ታንከሩ ላይ ተጣብቆ የቀረ፣ መኪናው ምን ተገጥሞለት እንደወጣ የሚዘረዝር የፋብሪካ ወረቀት ፍለጋ ነው የሚገባው።

ከሻንሲ ቁጥሩ በአምስተኛው ቦታ ያለውን ፊደል እይ፤ የሞተሩን ዓይነት ይነግርሃል፦ ቲ ከሆነ ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው፣ ሲ ከሆነ ባለ ሁለት አፍ ካርቡሬተር 289 ኪዩቢክ ኢንች፣ ኬ ከሆነ ኃይለኛው 289፣ ኤስ ከሆነ 390። ኤስ ወይም ኬ ካልሆነ የቀለሙን ወሬ ተወውና በተራ ኩፔ ዋጋ ተደራደር። በሩ ላይ ያለችውን ሰሌዳ ብቻ አትመን፣ አስመስለው ሠርተው ይሸጧታል፤ ኮፈኑን አስከፍተህ ከፓራፋንጎው ውስጠኛ ብረት ላይ ከተመታው ቁጥር ጋር አመሳክር። ሻጩ የማርቲውን ሪፖርት ካላሳየህ የቁጥሩን ፎቶ ተቀበለውና ቀብድ ሳትሰጥ አንተው እዘዘው።