የአንጀት ብግነት ሲያገረሽ ምን ልብላ? ምንስ ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ከአራት ዓመት በፊት ደም የቀላቀለ ተቅማጥ አላቋርጥ ብሎኝ በኮሎኖስኮፒ ስመረመር፣ አልሰሬቲቭ ኮላይተስ የተባለ የትልቁ አንጀት ብግነት እንዳለብኝ ተነገረኝ። ሜሳላዚን ታዝዞልኝ ደህና ሆንኩ። ከአንድ ዓመት በላይ ምንም ሳይሰማኝ ስለቆየሁ ግን «ድኛለሁ» ብዬ መድኃኒቱን በራሴ ተውኩት። ይኸው ከሦስት ሳምንት ወዲህ ሕመሙ አገርሽቶብኛል። በቀን አራት አምስት ጊዜ እመላለሳለሁ፤ ደም አለው፤ ሌሊትም ያስነሣኛል። የበላሁት ሁሉ የሚያባብስብኝ ስለመሰለኝ ከነጭ ሩዝና ከሻይ በስተቀር ሁሉንም ትቻለሁ። አምስት ኪሎ ቀንሻለሁ። ጉልበቴንም ስለሚያመኝ ዳይክሎፌናክ እወስዳለሁ። በምግብ ብቻ ልቆጣጠረው እችላለሁ? ካለፈው የተረፈኝን ፕሬድኒሶሎንስ ልጀምር? ሁለተኛ ልጅ መውለድም አስበናል፤ ይህ ሕመም ይከለክለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሳነብ ከሁሉ አስቀድሞ ያሳሰበኝ ዳይክሎፌናኩ ነው፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌንና መሰሎቻቸው ሕመምን የሚያስታግሡት ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ንጥረ ነገር በመቀነስ ነው። የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ከጉዳት የሚጠብቀውም ይኸው ንጥረ ነገር ነው። በእርስዎ ዓይነት ሕመም እነዚህ መድኃኒቶች ያንቀላፋውን ብግነት ሊቀሰቅሱ፣ የተነሣውንም ሊያባብሱ ይችላሉ። ዛሬውኑ ያቁሙት። ሕመሙ ካስቸገረዎት ፓራሲታሞል በተፈቀደው መጠን ይውሰዱ። ጉልበትዎን የሚያምዎት ራሱ የአንጀትዎ በሽታ ሊሆን እንደሚችልም ይወቁ፤ ይህ ብግነት ከአንጀት አልፎ መገጣጠሚያን፣ ቆዳንና ዓይንን ይነካል። በአብዛኛው አንጀቱ ሲረጋ ጉልበቱም አብሮ ይረጋል። ዓይንዎ ቀልቶ የሚያምዎትና ብርሃን የሚያስጨንቅዎት ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ።

አሁን ወደ በሽታው። የሰውነት መከላከያ ተሕዋስያንን ሊዋጋበት የተሰጠውን ኃይል በገዛ አንጀቱ ላይ ሲያዞር ነው ይህ ሕመም የሚነሣው። በአልሰሬቲቭ ኮላይተስ ብግነቱ ከፊንጢጣ ይጀምርና ቦታ ሳይዘል ወደ ላይ ይወጣል። ከትልቁ አንጀት አያልፍም፤ የሚያቆስለውም ውስጠኛውን ሽፋን ነው። የክሮንስ በሽታ የሚባለው ወንድሙ ደግሞ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ክፍል ሊይዝ፣ አንዱን ነክቶ ሌላውን ሊዘል፣ የአንጀቱንም ግድግዳ ዘልቆ ሊገባ ይችላል። ሁለቱም ጋብ ይላሉ፤ ሁለቱም ያገረሻሉ። ጋብ ባለበት ጊዜም ቢሆን፣ ምንም ሳይሰማዎት ሽፋኑ ላይ ብግነት ሊቀር ይችላል። ሜሳላዚን በደህናው ጊዜ ሳይቋረጥ የሚወሰደው ለዚሁ ነው። በማቋረጥዎ አልወቅስዎትም። ምንም የማያመው ሰው በየቀኑ እንክብል መዋጥ እንደሚሰለቸው ከታካሚዎቼ በየሳምንቱ እሰማለሁ። መድኃኒቱ ለምን እንደሚቀጥል ቁጭ ብሎ ያስረዳዎት ከሌለ ጉድለቱ የእኛ የሐኪሞች ነው።

ከዚህ ሳምንት ሳያልፍ ሐኪምዎ ዘንድ ይሂዱና አስቀድመው ሰገራዎን ይመርመሩ። ኮላይተስ ያለበት ሰው ደምና ተቅማጥ ባየ ቁጥር በሽታው አገርሽቷል ማለት አይደለም። አሜባ፣ ሺጌላ፣ ሳልሞኔላ፣ እንዲሁም ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ ከተወሰደ በኋላ የሚነሣው ክሎስትሪዲየም ዲፊሲል ቁርጥ ይህንኑ ይመስላሉ። ያስቀመጡትን ፕሬድኒሶሎን እንዳይነኩት የምለምንዎትም በዚህ ምክንያት ነው። ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያደክማል። አንጀት ውስጥ አሜባ ተደብቆ ሳለ ይህ መድኃኒት ቢጀመር ቁስሉ እየጠለቀ ሄዶ አንጀት እስከ መበሳት ሊደርስ ይችላል። ካልፕሮቴክቲን የተባለውን የሰገራ ምርመራ ማሠራት ከተቻለም ጥሩ ነው። ይህ ከነጭ የደም ሕዋሳት የሚወጣ ፕሮቲን ነው፤ በአንድ ግራም ሰገራ ከ50 ማይክሮግራም በታች ሲሆን አንጀቱ እንደረጋ፣ ከ250 በላይ ሲሆን ብግነቱ እንደተነሣ እንገምታለን። በኢንፌክሽንም ከፍ ስለሚል ብቻውን አይነበብም። ከደምዎ ደግሞ የሄሞግሎቢን፣ ሲአርፒ የተባለው የብግነት ምልክትና አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን መጠን ይታያል።

ኢንፌክሽን ከሌለና ሕመሙ በገለጹት ደረጃ ላይ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የምንጀምረው በዚያው በሜሳላዚን ነው፤ የሚዋጠውንና በፊንጢጣ የሚሰጠውን አንድ ላይ አድርገን። ሁለቱ አብረው ሲሰጡ ከሚዋጠው ብቻ የበለጠ ይሠራሉ፤ ምክንያቱም ብግነቱ ዘወትር የሚጀምረው ከታች ስለሆነ መድኃኒቱ በቀጥታ ቁስሉ ላይ ያርፋል። ብዙ ሰው ያፍርበታል፤ ሳጥኑን ሳይከፍት መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ አወሳሰዱን በዝርዝር ልንገርዎት። ማታ፣ ከተጸዳዱ በኋላ፣ ጠርሙሱን በሁለት መዳፍዎ መካከል ይዘው ጥቂት ደቂቃ ያሙቁት፤ ቀዝቃዛ ፈሳሽ አንጀትን አስቆጥቶ ወዲያው ያስወጣል። ደህና አድርገው ይናጡት። አልጋው ላይ አሮጌ ፎጣ አንጥፈው በግራ ጎንዎ ይተኙ፤ ግራ እግርዎን ዘርግተው ቀኝ ጉልበትዎን ወደ ሆድዎ ያጥፉ። የትልቁ አንጀት መጨረሻ በግራ በኩል ስለሆነ ፈሳሹ በዚህ አተኛኘት በቀላሉ ይወርዳል። ጫፉን ቅባት ቀብተው በቀስታ ያስገቡት፤ ቀስ እያሉ ይጭመቁትና ግማሽ ሰዓት ያህል በዚያው ጎን ይቆዩ። ከቻሉ እስኪነጋ ይያዙት። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ላይቆይልዎት ይችላል። ይህ የሚሆነው የቆሰለው ፊንጢጣ ስለሚያማጥ ነው፤ ቁስሉ እየሻረ ሲሄድ መያዙም ይቀላል፤ ስለዚህ ተስፋ ቆርጠው አይተዉት።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ደሙ ካልቀነሰ ሐኪምዎ ወደ ፕሬድኒሶሎን ሊያልፍ ይችላል። ያኔ ተመርምረው፣ መጠኑና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎልዎት ነው የሚወስዱት። በተለመደው አሠራር በቀን 40 ሚሊ ግራም ገደማ ተጀምሮ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ደረጃ በደረጃ ይቀነሳል። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ሰውነት ራሱ የሚያመርተውን ሆርሞን አቁሞ ስለሚቆይ ባዶ እጁን ይቀራል። ይህ መድኃኒት የተነሣውን እሳት ያጠፋል እንጂ እሳቱ ዳግም እንዳይነሣ አይጠብቅም። ሲራዘም አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና የደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሣል። ስለሆነም አብሮት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ እንሰጣለን፤ ያለ እሱ መቆም ላልቻለ ታካሚም ሌላ መንገድ እንፈልጋለን። አዛቲዮፕሪን አንዱ ነው፤ ሥራው የሚታየው እስከ ሦስት ወር ቆይቶ ሲሆን የደም ሕዋሳት ቆጠራ በየጊዜው ይጠይቃል። ባዮሎጂክ የሚባሉት መርፌዎችም አሉ። ከእነዚህ ቀዳሚው ኢንፍሊክሲማብ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ለክሮንስ ከተፈቀደ ወዲህ የብዙ ሰዎችን አንጀት ከቀዶ ሕክምና አድኗል። ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ የሳንባ ነቀርሳና የጉበት ቫይረስ መኖር አለመኖሩ መመርመር ግዴታ ነው።

ሆስፒታል መግባት የሚያስፈልግበትን ደረጃ ለይቶ ማወቅ ሕይወት ያድናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ትሩላቭና ዊትስ የተባሉ የኦክስፎርድ ሐኪሞች ያስቀመጡት መለኪያ እስከ ዛሬ እንሠራበታለን። በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ደም ያለበት ተቅማጥ ኖሮ፣ ከዚያ ጋር የልብ ምት በደቂቃ ከ90 በላይ ወይም ትኩሳት ከ37.8 ዲግሪ በላይ ከሆነ፣ ወይም ከባድ ደም ማነስ ካለ፣ በቤት መቆየት አይገባም። ሆድ ከተነፋና መንካት ካስቸገረ ደግሞ በዚያው ሰዓት ይሂዱ። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም ወይም ትንፋሽ ድንገት ቢያጥርም እንዲሁ፤ ብግነቱ በተነሣበት ወቅት ደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋት ዕድሉ ይጨምራል። በራስዎ ውሳኔ ሎፐራማይድ ወስደው ተቅማጡን ለማቆም አይሞክሩ። ክፉኛ በቆሰለ አንጀት ላይ እንቅስቃሴውን ማስቆም አንጀቱን ወጥሮ አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

አሁን ወደ ምግቡ ልምጣ። ከዓመታት በፊት አንድ ወጣት ታካሚ ደብተር ይዞ መጣ። እያንዳንዱ ገጽ በመስመር ለሁለት ተከፍሏል፤ በግራ የበላው፣ በቀኝ የደረሰበት ተጽፏል። ወተት ተሰርዟል። ቲማቲም ተሰርዟል። እንቁላል፣ ዓሣ፣ ባቄላ፣ ሙዝ ሳይቀሩ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዘዋል። በመጨረሻው ገጽ የቀሩት ድንችና ዳቦ ብቻ ነበሩ፤ ሚዛን ላይ ሲወጣ 44 ኪሎ ሆነ። አብረን ቁጭ ብለን ቀኖቹን ስናስተያይ፣ የበላው ምንም ይሁን ምን ያን ሰሞን ሁሉ ይደማ እንደነበር ታየን። ሲታከምና ቁስሉ ሲደርቅ ከሰረዛቸው አብዛኞቹን አንድ በአንድ መልሶ በላ፤ ያስቸገረው ወተት ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ የሚያሳስተው በዚህ ነው፦ ምግብ ጨጓራ ውስጥ ሲገባ ትልቁ አንጀት በተፈጥሮው ይንቀሳቀሳል። ጤነኛ ሰው ይህን ልብ አይለውም፤ የቆሰለ አንጀት ግን ወዲያው ያጣድፋል። የተበላው ምግብ ጥፋተኛ ይመስላል እንጂ ሩዝም ቢሆን ያው ነው። ስለዚህ ለጥያቄዎ ግልጹ መልስ ይህ ነው፤ የአልሰሬቲቭ ኮላይተስን ብግነት ብቻውን እንደሚያጠፋ የተረጋገጠ ምግብ የለም። ምግብ ስቃይን ይቀንሳል፣ ቁስሉ የሚሽርበትን አቅም ይሰጣል። በሩዝና በሻይ የቆየ ሰውነት ይህን አቅም አያገኝም።

ብግነት ያለበት ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ 50 ኪሎ ለሚመዝን ከ60 እስከ 75 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ብቻ ስላለው ዓሣ፣ ዶሮ፣ እርጎ፣ በደንብ የበሰለና የተፈጨ ጥራጥሬ መጨመር አለበት። ነጩን ሩዝዎን አይተዉት፤ አጠገቡ ግን እነዚህን ያስቀምጡ። አትክልቱን ልጠው፣ ፍሬውን አውጥተው፣ እስኪለሰልስ ቀቅለው ይብሉ። ጥሬ ቅጠል፣ ለውዝ፣ ቆዳው ያልተላጠ ፍራፍሬ፣ ቅባት የበዛበትና የሚያቃጥል ምግብ ለጊዜው ይቆዩ። በቀን ሦስቴ ጠግቦ ከመብላት አምስት ስድስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ መብላት ይሻላል። ወተት የሚነፋዎት ከሆነ ይተዉት፤ የማይነፋዎት ከሆነ የሚተዉበት ምክንያት የለም። ሻይና ቡናን ይቀንሱ፤ አንጀትን ያነቃሉ። ተቅማጡ ሲበዛ ኦአርኤስ ይጠጡ፤ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበጥብጡ። ልኩን አይለፉ፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል። ደም ማነስ ከተገኘብዎት የሚዋጥ ብረት ሆድ ሊያስቸግር ስለሚችል በደም ሥር የሚሰጠውን ይጠይቁ።

ደሙ ቆሞ ሰገራው ሲጠነክር ደግሞ ጥንቃቄውን ይፍቱት። ይህን አጥብቄ የምናገረው ብዙ ሰው በሕመም ጊዜ የጀመረውን አመጋገብ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ስለሚቀር ነው። በደህናው ጊዜ ፋይበር ያለው ምግብ አንጀትን አይጎዳም፤ ይልቁንም ጠቃሚ ባክቴሪያዎችን ይመግባል። በየሁለት ሦስት ቀኑ አንድ አዲስ ምግብ በትንሹ ይመልሱ። ክሮንስ ኖሯቸው አንጀታቸው በጠባሳ የጠበበ ሰዎች ግን ለየት ይላሉ፤ ጠንካራ ቃጫ ያለው ምግብ ሊዘጋቸው ስለሚችል ከሐኪም ጋር መመካከር አለባቸው። ምግብ በእርግጥ መድኃኒት የሆነበት ቦታም በክሮንስ በኩል ነው፤ ሕፃናት ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት የተዘጋጀ ፈሳሽ ምግብ ብቻ ወስደው እንደ ፕሬድኒሶሎን ያህል ሲረጉ እናያለን። ይህ ውጤት በእርስዎ ዓይነት ሕመም አልታየም።

ስለ ልጅ የጠየቁትን በደስታ ነው የምመልሰው፦ መውለድ ይችላሉ። አሁን ግን ትንሽ ይቆዩ። ብግነቱ በተነሣበት ወቅት የተጀመረ እርግዝና በሽታው እንደነደደ እንዲቀጥል፣ ፅንሱም ያለጊዜው እንዲወለድ ዕድል ይሰጣል። ያለ ፕሬድኒሶሎን ቢያንስ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ደህና ሆነው ሲቆዩ ይጀምሩ። ሜሳላዚን በእርግዝናም ሆነ በማጥባት ጊዜ ይቀጥላል፤ «ለልጄ ብዬ» ብለው እንዳያቋርጡት። የታዘዘልዎት የሜሳላዚን ዘመድ የሆነው ሰልፋሳላዚን ከሆነ ፎሌትን ስለሚያሳጣ ከፍ ያለ መጠን ያለው ፎሊክ አሲድ ይጨመርልዎታል። ሜቶትሬክሴት የተባለ መድኃኒት ከታዘዘልዎት ግን ፅንስን ስለሚጎዳ ለማርገዝ ከማሰብዎ ከወራት በፊት መለወጥ አለበት። ለመጀመሪያው ቀጠሮ ሲሄዱ ይህን ሐሳብዎን ከተቅማጡ ጋር አብረው ይንገሩ፤ የመድኃኒቱ ምርጫ በዚህም ይወሰናል።