ሀሪኬን ሲመጣ ጦሩን ማን ነው የሚጠራው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የአሜሪካ የሀሪኬን (ከባሕር የሚነሳው ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ነው። ከቴክሳስ፣ ከፍሎሪዳና ከሉዊዚያና የመጡ ጥያቄዎች ስለበዙ የዛሬውን ዓምድ ሙሉ በሙሉ ለነሱ ሰጥተናል። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ ያን ሁሉ ሄሊኮፕተርና መርከብ ይዛ፣ ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ እርዳታ ሲለምን ወታደሩ ለምን በማግስቱ አይደርስም? አቅም የለም ወይስ ዝም ብሎ ማየት ነው? (አንባቢ፣ ከሂውስተን)

መልስ፦ አቅሙ አለ። ጣጣው ማን ይጠይቅ፣ ማን ይፍቀድ፣ ማን ይዘዝ የሚለው ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ የአደጋ እርዳታ ከታች ወደ ላይ ነው የሚጠየቀው። መጀመሪያ ከተማውና ካውንቲው ይሞክራል፣ ሲያቅተው ወደ ስቴቱ ይሄዳል። አገረ ገዥው ናሽናል ጋርዱን፣ ማለትም የስቴቱን ተጠባባቂ ጦር፣ ይጠራል፣ ከሌሎች ስቴቶችም ሰውና ዕቃ ይዋሳል፤ ለዚህ መዋዋስ ኢማክ የሚባል፣ ኮንግረስ በ1996 ያጸደቀው ስምምነት አለ። ያም ካልበቃ ለፕሬዚዳንቱ ይጻፋል፣ ፕሬዚዳንቱ በ1988ቱ የስታፎርድ ሕግ መሠረት አደጋውን ያውጃል፣ ፌማ የሚባለው የፌዴራሉ የአደጋ እርዳታ መሥሪያ ቤትም ገንዘብና ዕቃ ይዞ ይገባል። መደበኛው ጦር የሚነሳው አብዛኛውን ጊዜ ፌማ «ይህን ያህል ሄሊኮፕተር፣ ይህን ያህል ውሃ ማጣሪያ» ብሎ የመከላከያ መሥሪያ ቤቱን፣ ፔንታጎንን፣ ሲጠይቅ ነው።

ይህ አሠራር ለተለመደው ጎርፍ ይበቃል። የሚጠይቀው ሰው ራሱ ውሃ ውስጥ ሲሆንስ? ካትሪና በተባለው ሀሪኬን ላይ የሆነው ይኸው ነው። ኦገስት 29 ቀን 2005 የጎርፍ መከላከያ ግንቦቹ ተደረመሱና የኒው ኦርሊንስን 80 በመቶ ውሃ ዋጠው። የፖሊሱም የእሳት አደጋ ሠራተኛውም ቤት ሰጥሟል፣ መገናኛው ተቋርጧል፣ ታዲያ ማን ቁጭ ብሎ የጎደለውን እየዘረዘረ ይጠይቅ? ሱፐርዶም ስታዲየም ውስጥ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው በዚያ ሙቀት ታጭቆ እያለ፣ ዋይት ሐውስ ወታደሩ ሁሉ በአንድ የፌዴራል አዛዥ ሥር ይሁን ይላል፣ የሉዊዚያናዋ አገረ ገዥ ካትሊን ብላንኮ ደግሞ ጋርዱን አልሰጥም ይላሉ። ሰው ውሃ ውስጥ እያለ የሥልጣን ክርክር! በዚያ መሀል ማንም እስኪጠራው ያልጠበቀው የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ኮስት ጋርድ ነበር። ነፍስ ማዳን የዘወትር ሥራው ነው። ሄሊኮፕተሮቹን አውሎ ነፋሱ ከማይደርስበት አቆይቶ ነፋሱ ጋብ እንዳለ ገባና ከ33 ሺህ በላይ ሰው አወጣ። ለኔ ዝግጅት ማለት ይሄ ነው።

በጣም የሚያንገበግበው ደግሞ አደጋው ሳይታሰብ የመጣ አለመሆኑ ነው። በጁላይ 2004 ባለሥልጣናቱ ባተን ሩዥ ላይ ተሰብስበው «ሀሪኬን ፓም» በሚል የፈጠራ አውሎ ነፋስ ተለማምደው ነበር። ከተማዋ ትሰጥማለች፣ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ይሸሻል፣ ብዙ ሰው መውጣት ሳይችል ይቀራል፤ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። እውነተኛው ማዕበል ከአንድ ዓመት በኋላ ሲመጣ ግን ዕቅዱ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ነገር አለ። በ2006 የወጣው ሕግ ፌማ ጥያቄ ሳይጠብቅ ሰውና ዕቃ ወደ አካባቢው እንዲያስጠጋ ፈቀደለት። «ማን ይዘዝ» ለሚለውም ዘዴ ተገኘለት፦ አንድ መኮንን ሁለት ሹመት ይይዛል፣ ጋርዱን በአገረ ገዥው ሥር ሆኖ፣ መደበኛውን ጦር በፕሬዚዳንቱ ሥር ሆኖ ያዛል። በ2012 ሳንዲ ኒው ዮርክና ኒው ጀርሲን ሲመታ በዚህ ነው የተሠራው። ያኔ የአየር ኃይሉ ግዙፍ የጭነት አውሮፕላኖች፣ ሲ-17 እና ሲ-5፣ ከካሊፎርኒያ ምን ጭነው እንደመጡ ያውቃሉ? የመብራት ኩባንያ የጥገና መኪኖች፣ እነዚያን ክንዳቸው ወደ ላይ የሚዘረጋውን፣ ሠራተኛው ጫፉ ላይ ቆሞ ሽቦ የሚቀጥልባቸውን። ከነሠራተኞቻቸው ሀገር ምድሩን አቋርጠው ኒው ዮርክ ላይ አራገፏቸው። በመንገድ ቢመጡ ቀናት ይፈጅባቸው ነበር። መብራት ለጠፋበት ሆስፒታል ከዚህ የሚበልጥ ወታደራዊ እርዳታ አይታየኝም።

ሁሉም ተስተካክሏል ማለቴ ግን አይደለም። ሀሪኬን ማሪያ የአሜሪካ ግዛት የሆነችውን ፖርቶ ሪኮን የመታው ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 ነው። የባሕር ኃይሉ ሆስፒታል መርከብ ኮምፈርት ከኖርፎክ ወደብ የተነሳው በ29 ነው። ደሴት መሆኗ፣ በመኪና የማይደረስባት መሆኗ ቀድሞ ይታወቃል እኮ! መርከቡ ማዕበሉ ሳያልፍ ጉዞ መጀመር ነበረበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ናሽናል ጋርድ ነው። ሀሪኬን በመጣ ቁጥር ይጠሩታል። አዛዡ ማን ነው? ሰው እሰር ተብሎ ጣጣ ውስጥ እንዳይገባብኝ እፈራለሁ። (እናት፣ ከታምፓ)

መልስ፦ ልጅዎ በሦስት መንገድ ሊጠራ ይችላል። አንደኛው በስቴቱ ትእዛዝና በስቴቱ ደመወዝ ነው። ሁለተኛው አዛዡ አገረ ገዥው ሆኖ ከፋዩ የፌዴራል መንግሥቱ ሲሆን ነው፣ እነሱ «ታይትል 32» ይሉታል። ሦስተኛው «ታይትል 10» ነው፣ ያኔ እንደ ማንኛውም የአሜሪካ ወታደር አዛዡ ፕሬዚዳንቱ ይሆናል። ለሀሪኬን አብዛኛውን ጊዜ የሚጠራው በመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ነው።

ማሰርን በተመለከተ፣ ፖሲ ኮሚታተስ የሚባል የ1878 ሕግ መደበኛው ጦር ኮንግረስ ካልፈቀደለት በቀር የፖሊስ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል። ጋርዱ በአገረ ገዥው ሥር እስካለ ድረስ ግን ይህ ሕግ አይነካውም፣ ስለዚህ ኬላ ላይ ቆሞ መኪና ሊመልስ፣ ዝርፊያ ሊከላከል ይችላል። ፍርሃትዎ መሠረት አለው። ሆኖም ጥሩ አዛዥ ልዩነት ያመጣል። ካትሪና ላይ መደበኛውን ጦር ያዘዙት ሌተናል ጄኔራል ራስል ኦኖሬ ኒው ኦርሊንስ ሲገቡ በየመንገዱ እየዞሩ ወታደሮቹን መሣሪያችሁን ወደ መሬት አድርጉ እያሉ ይጮሁባቸው ነበር። ሰዎቹ የተራቡ ዜጎች እንጂ ጠላት እንዳልሆኑ ገብቷቸዋል።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ ልጅዎ ሲጠራ የትእዛዙን ወረቀት ያንብብ፣ ኮፒውንም ቤት ይተው። ቢጎዳ የሚያሳክመውና የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚወሰነው በየትኛው መንገድ እንደተጠራ ነው።

ጥያቄ፦ ጦሩ ማዕበሉ ከመድረሱ በፊት ምን ይሠራል? (ተማሪ፣ ከጃክሰንቪል)

መልስ፦ ሰው የማያውቀው ትልቁ ሥራ ሰማይ ላይ ነው። ሚሲሲፒ ውስጥ ቢሎክሲ ከሚገኘው የኪስለር ጦር ሰፈር የአየር ኃይል ተጠባባቂ አብራሪዎች ደብሊውሲ-130 በሚባል አውሮፕላን ማዕበሉ መሀል ድረስ ይገባሉ። ከዚያ ትንሽ ጃንጥላ ያለው ቱቦ መሰል መሣሪያ ይጥላሉ፣ እሱ እየወረደ ንፋሱን፣ ግፊቱን፣ ሙቀቱንና እርጥበቱን ይልካል። ቴሌቪዥን ላይ የምታየው የማዕበሉ አቅጣጫ ትንበያ ይህንን መረጃ ይጠቀማል። ከዚህ ሌላ ጦሩ ራሱንም ማሸሽ አለበት። በኦክቶበር 2018 ሀሪኬን ማይክል ፍሎሪዳ ያለውን የቲንደል አየር ኃይል ሰፈር ሲያወድመው፣ መብረር ያልቻሉ ኤፍ-22 ተዋጊ ጄቶች እዚያው ሀንጋር ውስጥ ቀርተው ነበር።

ጥያቄ፦ ኒው ኦርሊንስ ነው የምኖረው፣ መኪና የለኝም። ውጡ ቢባል ማን ያወጣኛል? (አንባቢ እህት)

መልስ፦ እህቴ፣ ካትሪና ላይ የቀሩት አብዛኞቹ እንዳንቺ መኪና የሌላቸው ነበሩ፤ የትምህርት ቤት አውቶቡሶቹ ደግሞ ተደርድረው እንደቆሙ ውሃ ውጧቸው በፎቶ አይተናል። ዛሬ ከተማው ውስጥ 17 የመሰብሰቢያ ቦታዎች አሉ። በየቦታው ታክሲ የሚያስቆም ሰው የሚመስል፣ እጁን ወደ ላይ የዘረጋ ረጅም የብረት ሐውልት ታያለሽ። የግዴታ ውጡ ትእዛዝ ሲታወጅ ከዚያ በነጻ ተሳፍረሽ ትወጫለሽ። ውሻ ወይ ድመት ካለሽም ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ፤ ካትሪና ላይ እንስሳዬን ትቼ አልሄድም ብሎ የቀረ ሰው ብዙ ስለነበር በ2006 ዕቅዶች እንስሳትንም እንዲጨምሩ ሕግ ወጥቷል።

ግን በዚህ ብቻ አትተማመኚ። ይህን ሁሉ ሰው ለማውጣት ሦስት ቀን ገደማ ያስፈልጋል። በ2021 አይዳ በጣም ቶሎ ጉልበት ስላገኘ ከተማው ጊዜ የለም ብሎ አጠቃላይ የግዴታ ትእዛዝ ሳያወጣ ቀረ። ስለዚህ የሰፈርሽን ሐውልት ከወዲሁ ፈልጊው፣ ከዚያ መኪና ያለው ዘመድ ወይ ጎረቤት ጋ ሄደሽ «ማዕበል ከመጣ ትወስዱኛላችሁ ወይ?» ብለሽ ጠይቂ፣ መልሱንም አሁኑኑ ተቀበይ።