ዙሩ ሞልቶ ጉልበቱ የጎደለው ሞተር

ሰሞኑን ከዚሁ ከባሕር ዳር አንድ ልጅ ጽፎልኝ ነበር። ነገሩ ባጭሩ፦ ፍሎሪዳ ያለው ወንድሙ ሮታክስ 503 ሚባለውን ባለ ሁለት ምት ሞተር ከነፕሮፔለሩ ልኮለት፣ እሱና ጓደኞቹ በአሉሚኒየም ቱቦ አንድ ሰው ምትይዝ ቀላል አውሮፕላን እየገጣጠሙ ነው። ጓሮ ውስጥ ባሕር ዛፍ ላይ አስረው ሲያስነሱት በደቂቃ ከ5,600 ዙር በላይ አልወጣም አለ፣ ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው ሲፈታ ጥላሸት የተቀባ ይመስላል። ከዛ አንዱ ጓደኛው የአየር ፊልትሮውን አወለቀውና ዙሩ 6,200 ገባ። «ጋሼ፣ ያለ ፊልትሮ ባበራት ምን ይላል? ደሞ ከ115 ኪሎ በታች ከሆነች ፈቃድ አያስፈልጋትም ሲሉ ቪዲዮ ላይ አይቻለሁ፣ በጠዋት ከሐይቁ ዳር ተነስቼ ዘጌን ዞሬ ብመለስ ማን ይከለክለኛል?» ይላል።

እኔ ብዙ ዓመት የአውሮፕላን ጥገና ላይ ሰርቼ አሁን ጣና ዳር የጀልባ ሞተር ነው ምነካካው፣ ስለዚህ ጥያቄህ በሁለቱም በኩል ነው የመጣብኝ ወንድሜ። ፊልትሮውን ዛሬውኑ መልሰህ ግጠም፣ ሌላውን ከዛ በኋላ እናወራለን።

ፊልትሮ ስታወልቅ ለምን ተሻለው መሰለህ፣ ያ ካርቡራተር የተስተካከለው በባሕር ጠረፍ አየር ነው። ፍሎሪዳ ማለት ከባሕሩ እኩል ማለት ነው፣ አንተ ያለኸው ደሞ 1,800 ሜትር ላይ ነው። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ የቤንዚኗ ቀዳዳ ግን እዛ በነበረችበት ስፋት ናት፣ ስለዚህ ቤንዚን በዝቶበታል፣ ታፍኗል። ፊልትሮውን ስታነሳ ትንሽ አየር ጨመርክለት፣ በቃ ይኸው ነው ሚስጥሩ። ግን አየር ብቻ አይደለም የገባው፣ የባሕር ዳርን የበጋ አቧራ ደሞ አንተም ታውቀዋለህ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ላይ የሚገባው አየር በቀጥታ በኮላዶካው (ፒስተኑ ሚያዞረው ዋናው ዘንግ) ኩሽኔታ በኩል ነው ሚያልፈው፣ አቧራው እዛ ቁጭ ይልና ሞተሩን ከውስጥ እንደ ሞረድ ይበላዋል።

ትክክለኛው መንገድ ጄት መቀየር ነው፣ ጄት ማለት ያቺ የቤንዚን ቀዳዳ ያለባት ትንሽ የካርቡራተር ቁራጭ ናት። 503 ላይ ያለው ቢንግ 54 ሚባለው ካርቡራተር ከፍታን ራሱ አያስተካክልም (ትልቁ ሮታክስ 912 ላይ ያለው ቢንግ 64 ራሱ በመጠኑ ያስተካክላል፣ እሱን ከሰማህ ለዛ ነው)። ዋናው ጄት ሚሰራው የነዳጅ መስጫውን ከሶስት ሩብ በላይ ስትከፍተው ነው፣ መሃል ላይ የካርቡራተሩ መርፌ ናት ወሳኟ፣ ስራ ፈት ዙር ላይ ደሞ ትንሿ ጄት። ብዙ ሰው ዋናውን ብቻ ቀይሮ መሃሉን ይረሳል፣ ከዛ ሲነሳ ደህና የነበረው በግማሽ ነዳጅ ሲሄድ መንተፋተፍ ይጀምራል። አምራቹ በከፍታና በሙቀት ምን ያህል መቀነስ እንዳለብህ ሚያሳይ ሰንጠረዥ አለው፣ እሱን ይዘህ ስራ፣ በግምት እንዳትቆርጥ፣ ቀዳዳ በመርፌ ማስፋት ምናምን እንዳትሞክር። የመርፌዋን ማያዣ ቅንጥብ አንድ ጎድጎዳ ወደ ላይ ስታወጣው መርፌዋ ዝቅ ትላለች፣ ቤንዚን ይቀንሳል ማለት ነው። ከዛ በሙሉ ነዳጅ ትንሽ አስኪደውና ነዳጁን ሳትቀንስ እዛው ዙር ላይ አጥፋው፣ ካንዴላውን ፍታና እይ። ቡና ስትቆላ ጭሱ ከመውጣቱ በፊት ሚይዘው ቡኒ ቀለም ካለው ጥሩ ነው፣ ከጠቆረና ከራሰ ገና በዝቶበታል፣ ነጭ ከሆነ ግን ወዲያው አቁም፣ ቤንዚን አንሶታል፣ ያ ሞተር ሊነክስ፣ ማለትም ፒስተኑ ሊጣበቅ ነው። የጭስ ሙቀት መለኪያ ካለህ ደሞ 503 ከ650 ዲግሪ ማለፍ የለበትም።

እዚህ ጋ የራሴን ጥፋት ልንገርህ። አንድ ደንበኛዬ ባለ ሁለት ምት የጀልባ ሞተር አምጥቶ ለጣና ከፍታ ጄቱን አሳንሼ ሰጠሁት፣ እንዴት ያለ ድምፅ ነበረው። ሰውዬው ለካ ስራ አግኝቶ ሞተሩን ጋምቤላ ይዞት ወርዷል። ባሮ ማለት እኮ ወደ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ወፍራም፣ ጄቱ ጠባብ፣ ሙቀቱ ሌላ ጉድ። በሶስተኛው ቀን ፒስተኑ ሲሊንደሩ ላይ ተጣበቀ። ሲደውልልኝ ምንም መልስ አልነበረኝም፣ ከዚህ ከወረድክ ጄቱን መልስ ብዬ አልነገርኩትማ። እሱ እንኳ ጀልባ ላይ ነበር፣ ቀዝፎ ዳር ወጣ። ስለዚህ ያንተን ስታስተካክል ሞተሩ ላይ በቀለም «ለ1,800 ሜትር» ብለህ ጻፍበት፣ ነገ ለሌላ ሰው ብትሸጠው ወይ ወደ ቆላ ብትወስደው እንዳይረሳ።

ዘይቱንም ላንሳው፣ ቤንዚኑ ውስጥ ምን እንደምትጨምር አልነገርከኝምና። ባሕር ዳር በቀላሉ ምታገኘው የጀልባ ዘይት ነው፣ ጠርሙሱ ላይ ቲሲ ደብሊው 3 ሚል። እሱ በውሃ ለሚቀዘቅዝ ሞተር የተሰራ ነው፣ ያንተ ግን በአየር ነው ሚቀዘቅዘው፣ በጣም ይግላል፣ ያ ዘይት አይችለውም። ኤፒአይ ቲሲ ሚል ፈልግ፣ ከአዲስ አበባም ቢሆን አስመጣ። ልኩ 50 ለ 1 ነው፣ ለ20 ሊትር ቤንዚን 400 ሚሊ ሊትር። ቤንዚኑን ደሞ ከጄሪካን ከቀዳህ መጀመሪያ ዘይት ሳትጨምር ንጹህ ሃይላንድ ውስጥ ትንሽ ቅዳና አስቀምጠው፣ ውሃ ካለው ታች ቁጭ ብሎ ታየዋለህ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፣ ሰው ሚሞትበት እዚህ ጋ ስለሆነ። ጄቱን አስተካክለህ ዙሩ 6,300 ሲገባ ደስ ይልሃል፣ ሞተሩ ዳነ ትላለህ። አልዳነም! አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፣ ግን ፕሮፔለሩም ሚገፋው አየር ስለሳሳ ይቀለዋል፣ ስለዚህ ሁለቱ አብረው ይወርዱና ዙሩ ከፍሎሪዳው ጋር ተመሳሳይ ሆኖ ይታይሃል። ቆጣሪው ሙሉ ነኝ ይልሃል፣ ግፊቱ ግን ሩቡ ጎድሏል። በመጋቢት ቀትር ላይ 28 ዲግሪ ሲሆን የባሕር ዳር አየር 2,700 ሜትር ላይ እንዳለህ ነው ሚቆጠረው፣ 50 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር 38 ቢሰጥህ ነው።

ይሄን በአይንህ ማየት ከፈለክ የእህል ሚዛን፣ ያ ተንጠልጣዩ መንጠቆ ያለው፣ ባለ 200 ኪሎውን ተዋስ። አንዱን ጫፍ ከባሕር ዛፉ፣ ሌላውን ከፍሬሙ የኋላ ዋና ቱቦ ጋር እሰርና ሙሉ ነዳጅ ስጠው፣ ሚዛኑ የሞተሩን ግፊት በኪሎ ይነግርሃል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ አንዴ፣ ቀን 8 ሰዓት ላይ አንዴ ለካና ሁለቱን ጻፋቸው፣ ልዩነቱን ስታየው ትገረማለህ። ስትለካ ታዲያ ሁለተኛ ገመድ በሌላ ዛፍ እሰር፣ ሚዛኑ ቢበጠስ ምን እንደሚሆን አስበው። ማንም ሰው በፕሮፔለሩ ትይዩ በጎን አይቁም፣ የግቢው በር ይቆለፍ፣ የሰፈር ህጻን ድምፅ ሰምቶ ሮጦ ነው ሚመጣው፣ ፕሮፔለር ደሞ ሲዞር አይታይም።

በዛ ላይ ስስ አየር ውስጥ ክንፉም ተመሳሳይ ጭነት ለመሸከም በመሬት ላይ ፈጠን ብሎ መሮጥ አለበት፣ ወደ 14 በመቶ ገደማ። ግፊቱ ሩብ ቀንሶ ፍጥነቱ ጨምሮ፣ መንደርደሪያው ወደ እጥፍ ይጠጋል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፣ መሬቱ ከጎንህ በፍጥነት ሲያልፍ «በቂ ፍጥነት አለኝ» ብለህ መሪውን ቀድመህ ትጎትታለህ፣ የፍጥነት መለኪያው ግን ገና ነኝ እያለ ነው። መለኪያውን ነው ምታምነው፣ አይንህን አይደለም። አብራሪዎች ሚጠቀሙባት አንድ ልክ አለች፦ የሜዳው ግማሽ ላይ ስትደርስ የመነሻ ፍጥነትህን 70 በመቶ ካላገኘህ ነዳጁን ዝጋና ቁም። ግማሹ ጋ ድንጋይ በኖራ ቀብተህ አስቀምጥ፣ እዛ ላይ ሆነህ አትከራከር።

እሺ ፈቃዱስ? ቪዲዮው አልዋሸህም፣ ግን የአሜሪካ ነው። የእነሱ ሕግ 254 ፓውንድ፣ ማለትም 115 ኪሎ ያልሞላች፣ አንድ መቀመጫ ያላት፣ ከ19 ሊትር ያልበለጠ ቤንዚን ምትይዝና በሙሉ ጉልበት ከ55 ኖት (በሰዓት 102 ኪሎ ሜትር ገደማ) ማታልፍ መብረሪያ ያለ ፈቃድ ትበር ይላል። ቀጥሎ ያለውን ግን ቪዲዮው ዘሎታል መሰለኝ፣ እዛም ቢሆን ሰው በተጨናነቀበት ላይ አትበርም፣ ከቀን ውጭ አትበርም፣ ቁጥጥር ባለበት የኤርፖርት አየር ውስጥ ደሞ ታወሩ ሳይፈቅድልህ አትገባም። እንግሊዝም ባለ አንድ መቀመጫዋን ቀላል መብረሪያ ከበረራ ብቁነት ምርመራ ነፃ አድርጋታለች፣ አብራሪው ግን ፈቃድ ሊኖረው ግድ ነው። አንተ ደሞ ያለኸው ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት አፍንጫ ስር ነው፣ ቦይንጉም ኪው 400ውም ሐይቁ ላይ ዝቅ ብሎ ነው ሚያርፈው፣ ሜዳው ደሞ የአየር መንገዱ ብቻ እንዳልሆነ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቃል። ባለንበት ጊዜ ያልታወቀ ነገር ሰማይ ላይ ሲታይ ምን እንደሚከተል ለባሕር ዳር ልጅ አልነግርም።

ስለዚህ ፍሬሙ ሳያልቅ፣ ሸራው ሳይለብስ አሁኑኑ የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ። ካለቀ በኋላ ብትሄድ የተዘጋውን ክፈት፣ የተሸፈነውን ግለጥ ይሉሃል፣ እውነታቸውንም ነው፣ ማንም ያላየውን ብሎንና ብየዳ እንዴት ብሎ ይፈርም? እያንዳንዱን ነገር ፎቶ አንሳ፣ የየትኛውን ብሎን ደረጃ ከየት እንደገዛኸው ደብተር ላይ አስፍር። ምዝገባ (ኢቲ ሚለው የጅራቱ ፊደል)፣ የብቁነት ወረቀት፣ ላንተ ደሞ የአብራሪ ፈቃድና የጤና ምርመራ፣ እነዚህ ናቸው ሚጠብቁህ። ይረዝማል፣ አውቃለሁ፣ እኔም ስንት ፋይል ስከተል ነው ጸጉሬ የሸበተው። ግን በመጀመሪያ ቀን ብቻህን ራስህን ልታስተምር ከሆነ ሃሳብህ፣ እሱ ከወረቀቱም ይብሳል፣ መጀመሪያ አስተማሪ ጋር በባለ ሁለት መቀመጫ ብረር።

ዘጌን በተመለከተ። የሮታክስ የራሱ መመሪያ ይሄ ሞተር በድንገት ሊቆም ይችላል ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል፣ አምራቹ ነው እንግዲህ እንዲህ ሚለው። ዓለም አቀፉ ደንብ ሜዳና ውሃ ላይ ቢያንስ 150 ሜትር ከፍታ፣ ከተማ ላይ ደሞ በዙሪያህ ካለው ረጅም ነገር 300 ሜትር በላይ ሁን ይላል። ያንተ ዓይነቷ አውሮፕላን ሞተር ሲጠፋባት ከከፍታዋ አምስት ስድስት እጥፍ ያህል ብትንሸራተት ነው፣ ከ150 ሜትር 800 ሜትር ብታገኝ እግዜርን አመስግን። ዘጌ በጀልባ እንኳ አንድ ሰዓት ነው። መሃል ላይ ብትወድቅ ቋሚ ጎማው ቀድሞ ውሃ ይነካና ትገለበጣለች፣ አንተ በቀበቶ ታስረህ፣ ሸራው ከላይህ። ታንኳ ያለው ዓሣ አስጋሪ እስኪደርስልህ ስንት ደቂቃ ነው? የሕይወት አድን ጃኬት ግድ ነው፣ ደሞ ከሸራው ስር ከወጣህ በኋላ ራስህ ምትነፋውን እንጂ መቀመጫህ ላይ ሆነህ የተነፋውን አይደለም፣ ያ ሸራው ስር አጣብቆ ይይዝሃል። ፔሊካኑንም አትርሳ፣ ረፋድ ላይ አየሩ ሲሞቅ በመንጋ እየተሽከረከረ ነው ሚወጣው፣ አንተን አይቶ ይሸሻል ብለህ እንዳታስብ።

ለጊዜው ጄቱን አዝዝ፣ ሚዛኑ እኔ ጋ አለ፣ ባለ 200 ኪሎ ነው፣ መንጠቆው ትንሽ ጎብጧል እንጂ ደህና ያነባል። ቅዳሜ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት መጥተህ ውሰደው፣ ካንዴላውንም ሳትጠርግ እንዳለ ይዘህ ና።