ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት ቀኑን እዪው

እህቴ፣ ከቡሬ የጻፍሽውን አነበብኩት። ቤታችሁ ያለው የድሮ ዴስክቶፕ ዊንዶውስ 7 ነው። መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር የድረ ገጽ መክፈቻው ክሮም «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም» እያለ ምንም ገጽ አልከፍት ይላል። ፎርማት ይደረግ፣ ማለትም ያለው ሁሉ ተጠርጎ ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫን የሚል ሰው ስላለ ምን ይሻላል ነው ያልሽው። አይዞሽ፣ ፎርማቱ ይቆይ። የልጆቹ ፎቶ ሁሉ እዚያ ላይ ነው ብለሻልና መቸኮል አያስፈልግም።

መጀመሪያ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን እዪው። እኔ ፍኖተ ሰላም የጎረቤትና የዘመድ ኮምፒውተር ሳይ፣ እንዲህ ያለው ችግር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚያው ጥግ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዋና ሰሌዳ፣ በማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፤ ሲአር 2032 ትባላለች። ኮምፒውተሩ መብራት ሲያጣ ሰዓቱን የምታስቀጥለው እሷ ናት። ስትደክም ቀኑ ወደ ድሮ ይመለሳል፤ 2009 ወይም 2010 ብሎ ታገኚዋለሽ። ድረ ገጾች ደግሞ ማንነታቸውን የሚያሳዩበት ሰርተፍኬት አላቸው፤ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተቆርጦለታል። ኮምፒውተርሽ ገና 2009 ላይ ከሆነ ሰርተፍኬቱ ያልጀመረ መስሎት አይቀበለውም። ኢንተርኔቱ ምንም አልሆነም፣ ክሮሙም እንደዚያው።

እኛ ዘንድ ሌላም ነገር አለ። ቀኑን በእኛ አቆጣጠር የሚያስተካክል ሰው ብዙ ነው። ያኔ ኮምፒውተሩ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀርና ያው መልእክት ተመልሶ ይመጣል። ስለዚህ ቀኑን በፈረንጅ አስገቢ። ሰዓቱም እንዲሁ ነው፤ ለጠዋት 3 ሰዓት 9 ብለሽ ሙዪ። የሰዓት ቀጠናው ላይ ናይሮቢን ምረጪ፣ ሰዓታችን አንድ ነው።

ቀኑን አስተካክለሽ ገጾቹ ከተከፈቱ ነገሩ ታወቀ፤ ባትሪዋን መቀየር ብቻ ነው። ስትቀይሪ ገመዱን ከሶኬት ንቀዪ፣ የመደመር ምልክት ያለበት ፊቷ ወደ ላይ ይሁን። ሲነሳ ኤፍ 1 ተጫኚ ሊልሽ ይችላል። አትደንግጪ፣ ቀኑን እንድታስገቢለት ነው።

ቀኑ ትክክል ሆኖም እምቢ ካለ ምክንያቱ የዊንዶውሱ እርጅና ሊሆን ይችላል። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 ድጋፍ ያቆመው በጥር 2020 በፈረንጅ ነው። ክሮምም ከ109 በኋላ ያሉት እትሞቹ እዚያ ላይ አይሠሩም። ሌላ የድረ ገጽ መክፈቻ፣ ፋየርፎክስ 115ን ሞክሪ። የታመኑ ሰርተፍኬቶችን ዝርዝር ራሱ ይዞ ስለሚመጣ ክሮም እምቢ ያለውን ሲከፍት አይቻለሁ። የባንክ ሥራ ግን በዚያ ኮምፒውተር ባትሠሪ እመርጣለሁ፣ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ።

ቀርፋፋ ነው ላልሽው፣ መብራት ድንገት እየጠፋ ሃርድ ዲስኩን ጎድቶት ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በፊት ፎቶዎቹን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጪ። ከዚያ ሲ ድራይቭ ላይ በቀኝ ተጭነሽ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ቱልስ ግቢና ቼክ አድርጊው። የተበላሸ ቦታ አገኘሁ ካለ ዲስኩ ራሱ ይቀየር፤ እንዲህ ያለውን ጉዳት ፎርማት አያድነውም።