ጎበዞቹን ለብቻ፣ ደከም ያሉትን ለብቻ? ጥያቄና መልስ

ተማሪን በችሎታ ለይቶ ስለማስተማር የላካችሁልኝ ጥያቄዎችና መልሶቼ እነሆ።

ጥ፦ ልጄ 5ኛ ክፍል ነው። በውጤት ለይተው ዲ ሴክሽን ወረወሩት። ልቃወም?

መ፦ መጀመሪያ ሁለት ነገር ጠይቂ። ምደባው መቼ ይከለሳል? ዲን የሚያስተምረውስ ማን ነው? ጠንካራው መምህር ለኤ፣ አዲስ ተቀጣሪው ለዲ ከሆነ ተቃወሚ።

ጥ፦ ጥናት ምን ይላል?

መ፦ እንደ አሠራሩ ነው። ከሁሉ የምወደው የጎረቤታችን የኬንያው ነው። በኋላ ኖቤል የተሸለሙት ኤስተር ዱፍሎና ማይክል ክሬመር ከፓስካሊን ዱፓ ጋር ሠሩት። በፈረንጆቹ 2005 በምዕራብ ኬንያ ለ121 ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ ተጨማሪ መምህር ተቀጠረና 1ኛ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። በግማሾቹ ትምህርት ቤቶች ልጆቹ በዕጣ ተደለደሉ፣ በቀሪዎቹ በውጤት። ከ18 ወር በኋላ በውጤት የተለዩት፣ ጎበዞቹም ደካሞቹም፣ በዕጣ ከተደለደሉት በልጠው ተገኙ። መምህሩ ፊቱ ላሉት ልጆች ልክ ማስተማር ቻለ። ነገር ግን መምህራኑ የተመደቡት በዕጣ ነበር! ይህቺን ዘለው «ኬንያ ላይ ሠርቷል» የሚሉ ርዕሳነ መምህራን ያናድዱኛል።

ጥ፦ አንዱ ጎበዝ አምስቱን እንዲያስረዳ የሚደረግበት የአንድ ለአምስት አደረጃጀትስ?

መ፦ ሐሳቡ ደግ ነበር። ግን ጎበዙን ልጅ እንዴት እንደሚያስረዳ ማን አስተማረው? እሱ ይሠራል፣ አምስቱ ይገለብጣሉ።

ጥ፦ የምንኖረው እስራኤል ነው። ልጃችንን ሒሳብ ዝቅተኛው ሀክባጻ (በችሎታ የሚለይ የትምህርት ቡድን) አስገቧት።

መ፦ ቶሎ መምህሯን አነጋግሩ። እዚያ የሚሰጠው ትምህርት ቀለል ያለ ስለሆነ በቆየች ቁጥር መመለሱ ይከብዳታል። ለባግሩት፣ ማለትም ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናው፣ ሒሳብ በ3፣ በ4 እና በ5 «የሂዶት» (የትምህርቱ ደረጃ መለኪያ) ይሰጣል፤ ከፍተኛው ባለ 5ቱ ዩኒቨርሲቲ መግቢያ ላይ ተጨማሪ ነጥብ ያስገኛል። የከበዳት የዕብራይስጡ ንባብ ከሆነ ንባቡን ይደግፏት እንጂ ሒሳቧን አያውርዱባት።

ጥ፦ ጎበዙን ልጅ ሌሎቹ ወደ ኋላ አይጎትቱትም?

መ፦ ቀድሞ ሲጨርስ ከበድ ያለ ጥያቄ የሚሰጠው ካለ፣ አይጎትቱትም።

ጥ፦ መምህር ነኝ። 4ኛ ክፍል 70 ተማሪ አለኝ። ፊደል ያልለዩም አሉ።

መ፦ ፕራታም የተባለውን የሕንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አሠራር ሞክር። በቀን አንድ ሰዓት ያህል ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን በንባብ ደረጃቸው ያቧድናሉ፤ ፊደል ላይ ያሉት ለብቻ፣ ቃል የሚያነቡት ለብቻ፣ አንቀጽ የሚያነቡት ለብቻ። በቀረው ጊዜ ሁሉም በየክፍሉ ይማራል። ከ3ኛና ከ5ኛ ክፍል መምህራን ጋር ተነጋግረህ የንባብ ክፍለ ጊዜያችሁን አንድ ላይ አድርጉት። የቡድኖቹን ስም ብታሳምሩም ልጆቹ በሳምንት ይነቁባችኋል። ስለዚህ በየወሩ እንደገና እያስነበባችሁ አቀያይሯቸው።