ጥያቄዎቻችሁ፦ ሁሉም ልጅ የሚማርበት ክፍል

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ነው። በቃል ስጠይቀው ሁሉንም ይመልሳል፤ ሲያነብ ግን ይደነቃቀፋል። መምህሩ "ሰነፍ ነው" ይላል።» (እናት፣ ከሐዋሳ)

በቃል የሚመልስ ልጅ ምኑ ነው ሰነፍ? መጀመሪያ ዓይኑንና ጆሮውን ያስመርምሩት። ሁለቱም ደህና ከሆኑ ዲስሌክሲያ ሊሆን ይችላል፤ ንባብን የሚያከብድ እንጂ ከብልህነት ማነስ የሚመጣ አይደለም። ፊደላችንም ቀላል አይደለም፤ 33 በ7፣ 231 ቅርጽ! ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ የሚለያዩት በአንዲት ጭረት ነው። መምህሩ ልጁን ድንገት አስነስቶ እንዳያስነብበው፣ ፈተና ላይም ጊዜ እንዲጨምርለት ይጠይቁ። የሳይንስ ጥያቄ ቢያነብለትም ማድላት አይባልም። የሚፈተነው ሳይንስ ነዋ።

«ዊልቸር የምትጠቀም ተማሪ ልትመጣልን ነው። መግቢያው ሦስት ደረጃ አለው። ራምፑ (ለዊልቸር የሚሠራው ተዳፋት መወጫ) ምን ያህል ይርዘም?» (ርዕሰ መምህር፣ ከደብረ ብርሃን)

የተለመደው ልኬት ለ1 ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ነው። እያንዳንዱ ደረጃ 15 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ድምሩ 45 ነው፤ ራምፑ 5 ሜትር ከ40 ይሆናል። ግንበኛው «በዛ» ብሎ ሁለት ሜትር ላይ ሊያቆመው ቢል አይስሙት። ያንን ዳገት ብቻዋን አትወጣውም፣ ስትወርድም አደጋ ነው። ሽንት ቤቱንም አብረው ይለኩ። ዊልቸር የማያስገባ ከሆነ ልጅቷ ውሃ ሳትጠጣ መዋሏ ነው። የሕንጻ ሕጉ ከ2001 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ ሁለቱንም ያዛል፤ በጀት ሲጠይቁ ይጥቀሱት።

«በደንብ የማይሰማ ተማሪዬን ፊት አስቀመጥኩት፤ ለውጥ የለም።» (መምህር፣ ከጎንደር)

ሰሌዳ ላይ እየጻፉ ያወራሉ? አብዛኛው መምህር ያደርገዋል። ጽፈው ይጨርሱ፣ ከዚያ ዞረው ከንፈርዎን እያየ ይናገሩ። ለመስኮት ጀርባ ሰጥተው አይቁሙ፤ ፊትዎ ይጨልምበታል። በምልክት ቋንቋ የሚግባባ ከሆነ ግን ይህ አይበቃም፤ ቋንቋውን የሚችል መምህር ወይም አስተርጓሚ ያስፈልገዋል።

«ልጃችን ኦቲዝም አለባት። የግል ትምህርት ቤቱ "ሻዶው ቲቸር፣ ማለትም ክፍል ውስጥ አጠገቧ የሚሆን ረዳት፣ ራሳችሁ ቅጠሩ" አለን። ልክ ነው?» (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

እኔ ልክ አይመስለኝም። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ በአንቀጽ 24፣ ድጋፉ በትምህርት ሥርዓቱ ውስጥ ይሰጥ ይላል። ይህን በጽሑፍ አቅርቡላቸው። እስከዚያው ግን ልጅቷ ቤት አትዋል። ረዳት ከቀጠራችሁም ቀኑን ሙሉ አጠገቧ እንዳትጣበቅ፤ እንዲያ ሲሆን ልጆቹ ጨዋታውን ከረዳቷ ጋር ያደርጉታል። ጩኸት የሚረብሻት ከሆነ ደግሞ በጠዋቱ ሰልፍ ከድምፅ ማጉያው ራቅ ብላ እንድትቆም ነገውኑ ጠይቁ። ለዚህ ሳንቲም አይወጣም።